«የቆርቆሮ ኮሌጆች» ለሚለው ጽሑፍ ከድሬዳዋ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የቆርቆሮ ኮሌጆች» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሶኛል። ከላኩልኝ አንዱ አብሮኝ የሚያስተምር ወንድም ሲሆን ከሥሩ «ይኼ እኛን ነው እንዴ?» ብሎ ጽፎበታል። አዎ፣ እኛን ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ፣ ከአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ በቆርቆሮ ክፍል በተጀመረ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬ ዛሬ እዚያው አስተምራለሁ። ስለዚህ ነገሩ አይመለከተኝም ልል አልችልም። ጸሐፊው የቤተ ክርስቲያን ነገር የሚያንገበግበው ሰው እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል፤ ወንድሜ ብዬ የምመልስለትም ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ኮሌጅ ማለት ሕንጻ፣ ቤተ መጻሕፍትና ደመወዝ የሚከፈላቸው መምህራን ያሉት ተቋም ነው፤ ሦስት አግዳሚ ወንበርና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይዞ ኮሌጅ ነኝ ማለት ምእመኑን ማታለል ነው ይላል። ቀጥሎ፣ «ከትንሽ ተነሥተን» የሚባለው ነገር ለማጽናኛ የሚወራ ተረት ነው፤ በዓለም ላይ የጸኑት የክርስቲያን ኮሌጆች ከመነሻቸው በበቂ ገንዘብ የተተከሉ ናቸው ይልና ለምሳሌ ሃርቫርድን ያነሣል። ግማሽ የተማረ አገልጋይ ካልተማረው ይብሳልና ትንንሾቹን ሁሉ ዘግቶ አዲስ አበባ ላይ አንድ ጠንካራ ኮሌጅ ማቋቋም፣ ተማሪውንም ወደዚያ መላክ ይሻላል ባይ ነው። በተለይ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ጥቂት በሆኑበት በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ኮሌጅ መክፈት ጉልበት ማባከን ነው ይላል። ልማዱም ከውጭ የተቀዳ እንጂ የእኛ አይደለም ይላል። በመጨረሻ፣ «ትሕትና» እና «እምነት» የሚሉት ቃላት ለተጠያቂነት ማጣት መሸፈኛ ሆነዋል፤ ሰርተፊኬት ይቸበቸባል፣ ሒሳብ አይመረመርም ይላል። ይህን የመጨረሻውን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ፤ ከሁሉም የሚያመኝ እሱ ነው።

ከስያሜው ልነሣ። «የቆርቆሮ ኮሌጅ» የሚለውን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሌላ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ መጨረሻ ገደማ ዊልያም ቴነንት የሚባል፣ ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ የተሻገረ መጋቢ ፔንስልቬንያ ውስጥ ኔሻሚኒ በምትባል ቦታ የገዛ ልጆቹንና ሌሎች ወጣቶችን ለአገልግሎት ማስተማር ጀመረ። የሚያስተምርበት ቤት በግንድ የተሠራ ነበር። ታዋቂው ሰባኪ ጆርጅ ዋይትፊልድ በ1739 ጎብኝቶት በማስታወሻው እንዳሰፈረው ርዝመቱ ሃያ ጫማ ያህል ነው፤ ወርዱም ከዚያ ብዙ አያንስም። ሃያ ጫማ ስድስት ሜትር መሆኑ ነው። የእኛ የመጀመሪያ ክፍል ሰባት በአምስት ነበረች። ታዲያ በጊዜው ቴነንትን የማይወዱት ሰዎች ቤቷን «የግንድ ኮሌጅ» አሏት፤ ለማዋረድ ያወጡት ስም ነው። ዛሬ የታሪክ መጻሕፍት የሚያውቋት በዚሁ ስም ነው። ከዚያች ክፍል የወጡትና ደጋፊዎቻቸው የኒው ጀርሲን ኮሌጅ ካቆሙት ሰዎች ጋር ተቀላቅለው አገልግለዋል፤ ያ በ1746 የተመሠረተ ኮሌጅ ዛሬ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ነው።

ፕሪንስተን ራሱ ሲጀምር ሕንጻ ነበረው? አልነበረውም። በ1747 ትምህርት የተጀመረው በመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በጆናታን ዲክንሰን መኖሪያ ቤት ነው። እሳቸው በዚያው ዓመት ሲሞቱ ተማሪዎቹ መጽሐፋቸውን ይዘው ወደ ተተኪው መጋቢ፣ ኒውአርክ ከተማ ወዳሉት ወደ አሮን በር ዘንድ ሄዱ። የራሱ ሕንጻ የቆመለት በ1756 ነው። በወንድሜ መለኪያ ከሄድን፣ በእነዚያ ዓመታት የተማሩትን ሁሉ «ኮሌጅ አልተማራችሁም» ልንላቸው ነው።

ዋይትፊልድ ያችን የግንድ ቤት ሲያይ የጥንት ነቢያትን ትምህርት ቤት ትመስላለች ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6ን እናስታውስ። የነቢያት ልጆች ኤልሳዕን የተቀመጥንበት ስፍራ ጠበበን አሉት፤ ዮርዳኖስ ወርደው እንጨት ይቆርጡ ጀመር፤ የአንዱ የምሳር ብረት ወልቆ ውኃ ውስጥ ገባ። ልጁ የጮኸው ብረቱ ስለጠፋ ብቻ አልነበረም፤ ምሳሩ የተዋሰው ነበር። የመጽሐፍ ቅዱሱ ማሠልጠኛ የተሠራው ተማሪዎቹ ራሳቸው በቆረጡት እንጨት፣ በተዋሱት ምሳር ነው። ጳውሎስም ኤፌሶን ላይ ከምኵራብ ሲለይ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ጢራኖስ ወደሚባል ሰው ትምህርት ቤት ገባ፤ ሁለት ዓመት ያስተማረው በዚያ በሌላ ሰው አዳራሽ ነው።

ስለ ሕንጻ ይህን ካልኩ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ኮሌጃችንን የጀመሩት ከምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ ወንጌላዊ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በሥራ ዘመናቸው በባቡር አዲስ አበባ በወጡ ቁጥር አንድ አንድ መጽሐፍ ይገዙ ነበር። ቤታቸው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበረና የ1998ቱ የሐምሌ ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ ቤተሰቡ በነፍሱ ሲያመልጥ የመጻሕፍቱ ሳጥን ጭቃ ውስጥ ቀረ። ያ ሌሊት የብዙ ጎረቤቶቻችንን ሕይወት ስለቀጠፈ ስለ መጽሐፍ ማውራት ለረጅም ጊዜ ይከብዳቸው ነበር። ከሳምንት በኋላ ሳጥኑን ቆፍረው አወጡት። እያንዳንዱን መጽሐፍ ገልጠው ጣሪያ ላይ አሰጡት፤ የድሬ ፀሐይ በሦስት ቀን አደረቀው። የተረፉት 31 ነበሩ። አብጠው፣ ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ፣ አንዳንዱ ገጽ ከገጽ ተጣብቆ። በ1999 ዓ.ም. ሰባት ተማሪ ይዘው ሲጀምሩ ቤተ መጻሕፍታቸው እነዚህ ነበሩ። እኔ በ2002 ስገባ ትልቁን የአማርኛ ኮንኮርዳንስ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃላት ማውጫውን፣ ስገልጥ ከመሐል አሸዋ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጠርጌ ልደፋው ስል ጋሼ «ተወው፤ የደቻቱ ነው» አሉኝ። አሁን ከ900 በላይ መጻሕፍት አሉን፤ ያ ኮንኮርዳንስ ግን ዛሬም አሸዋ አለው።

31 መጽሐፍ በቂ ነው እያልኩ አይደለም። በቂ አልነበረም፤ ስለ ነቢያቱ ዘመን ታሪክ ስንጠይቅ ጋሼ የማያውቁትን አላውቅም ይሉ ነበር፤ እኛም ሳናውቀው የቀረን ብዙ ነገር አለ። በዚህ ወንድሜ ትክክል ነው። ግን ሠላሳ አንዱን መጽሐፍ በሙሉ ያነበበ መምህር ከፊታችን ነበር። ሺህ መጽሐፍ ተደርድሮ ማንም የማይገልጠው መደርደሪያም ሌላ ቦታ አይቻለሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ጽሑፉ በሰው ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው በዚህ ይመስለኛል። «የጸኑት ሁሉ በበቂ ገንዘብ የተተከሉ ናቸው፤ ሃርቫርድን ተመልከቱ» ይላል። እንመልከተው። እውነት ነው፣ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ምክር ቤት በ1636 ለኮሌጁ 400 ፓውንድ መድቧል፤ በጊዜው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጆን ሃርቫርድም በ1638 ሲሞት ግማሽ ሀብቱንና 400 ያህል መጻሕፍቱን አውርሶታል። እስከዚህ ድረስ ወንድሜ አልተሳሳተም። የቀረውን ግን አልነገረንም። የመጀመሪያው ኃላፊ ናትናኤል ኢተን ሰው በመደብደቡና ተማሪዎቹን በክፉ አያያዙ ተከስሶ በ1639 ተባረረ፤ ኮሌጁም ተዘግቶ ቆየ። ገንዘቡ ነበር፣ መጻሕፍቱም ነበሩ፤ የጎደለው መምህር ነው። ሄንሪ ደንስተር የሚባለው ወጣት በ1640 ተረክቦ እንደገና አስነሣው፤ በ1642 ለመጀመሪያ ጊዜ ያስመረቃቸው ዘጠኝ ነበሩ። ዘጠኝ! ጸሐፊው ለትልቅነት ያመጣው ምሳሌ ራሱ፣ ኮሌጅን የሚያቆመው ማን እንደሆነ ይናገራል።

ሌላ ላክልበት። እንግሊዛዊው ሰባኪ ቻርልስ ስፐርጀን ለንደን ውስጥ የመጋቢዎችን ኮሌጅ የጀመረው ቶማስ ሜድኸርስት በሚባል በአንድ ተማሪ ነው፤ በ1850ዎቹ አጋማሽ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ። ራሱ ኮሌጅ አልገባም። የተማሪዎቹን ወጪ ከኪሱ ይከፍል ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ያድሩና ይማሩ የነበረው ጆርጅ ሮጀርስ በሚባሉት መምህር ቤት ነው። ስፐርጀን በ1892 ሲሞት ከኮሌጁ የወጡት ወደ 900 ተጠግተው ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበን ምሳሌ አንድ አለ፤ ለምን እንደማይነገር አይገባኝም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ አጠገብ ኮረብታ ላይ ቅድስት ክሪሾና የምትባል ፈራርሳ የቆየች የጥንት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር የሚባል ሰው በ1840 ማሠልጠኛ አደረጋት። መጀመሪያ የገባው ተማሪ አንድ ነበር። የሽፒትለር ሐሳብ የእጅ ሙያ ያላቸውን ወጣቶች፣ አናጢውን፣ ግንበኛውን፣ ብረት ሠሪውን መጽሐፍ ቅዱስ አስተምሮ መላክ ነው፤ በሙያቸው እንጀራቸውን እየበሉ ወንጌልን እንዲያገለግሉ። የዘመኑ ሊቃውንት ዓይን ሲያያቸው እነዚህ «ግማሽ የተማሩ» ነበሩ፤ ልክ ወንድሜ እኛን እንደሚለን።

እነዚያ ልጆች የት ደረሱ? በ1850ዎቹ በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት በኩል ወደ አገራችን መጡ። ማርቲን ፍላድና ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከእነርሱ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ እንዲሠሩ ያዘዟቸው የጋፋት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከዚያች ኮረብታ የወጡ ናቸው፤ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በማውጣትም ተካፍለዋል። ሊሰብኩ መጥተው መድፍ ማቅለጣቸው፣ ኋላም በመቅደላው ዘመን መታሰራቸው ደስ የሚል ታሪክ አይደለም፤ ከትንሽ የተነሣ ሁሉ ወደታሰበለት ይደርሳል የሚል ካለ ጋፋት ይመልስለታል። ይሁን እንጂ የዚያች ኮረብታ ነገር በዚህ አላበቃም። ኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው፣ ምጽዋ ላይ በ1870 ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰው። ሙሉው መጽሐፍ በ1899 የታተመው የት ነው? ቅድስት ክሪሾና። አንድ ተማሪ ይዛ የተጀመረች፣ ጣሪያዋ የፈረሰ ማሠልጠኛ ከስድሳ ዓመት በታች ጊዜ ውስጥ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ አሳተመች። ማክሰኞ ማታ ክፍላችን ውስጥ ከኦሮምኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ጋር ስናነብ ይህን ሳላስብ አልቀርም።

ወንድሜ «እነዚህ የፈረንጅ ታሪኮች ናቸው» እንዳይለኝ ደንገጎን ወጥቶ ሐሮማያን ይይ። በምሥራቁ አገራችን ከፍተኛ ትምህርት ሲባል ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ያ ዩኒቨርሲቲ፣ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ግቢው ገና እየተሠራ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የተማሩት ጅማ፣ በእርሻ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ድሬዳዋስ ራሷ ምን ነበረች? ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እዚህ ሜዳ ላይ ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል አንድ ሰው ከዚራ ላይ ቆሞ «አዲስ አበባ ያልደረሰ ባቡር ምን ባቡር ነው፣ ይነቀል» ቢል ኖሮ ክርክሩ ከወንድሜ ክርክር አይለይም ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ከባድ ነው፤ እውነትነትም አለው። ግማሽ የተማረ ሰባኪ ይጎዳል። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፤ ግማሽ መማሩን የሚያሳየው ምንድን ነው? መፍትሔውስ አዲስ አበባ መላክ ነው?

ቀን ባጃጅ እየነዳ ማታ የሚማር ተማሪ አለን። አንድ እሑድ በአጥቢያው እንዲሰብክ ዕድል ተሰጠው፤ ፊልጵስዩስ 4፥13ን፣ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን ይዞ በእምነት የራሳችሁ መኪና ይኖራችኋል ብሎ ሰበከ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ማክሰኞ ማታ ክፍል ውስጥ አልገሠጽሁትም፤ ከቁጥር 10 ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ብቻ ጠየቅሁት። አነበበ። «መዋረድንም አውቃለሁ መብዛትንም አውቃለሁ» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። «መጥገብንና መራብንም» ሲል ቆመ። ጀንበር ጠልቃ ቆርቆሮው እየቀዘቀዘ ሲንጣጣ ይሰማል፤ ማንም አልተናገረም። ከዚያ «መምህር፣ ይኼ ስለ ረሃብ ነው የሚናገረው» አለ። በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዶ፣ ያንኑ ምእመን ፊት ቆሞ «ባለፈው የተናገርኩት ጥቅሱ የሚለው አይደለም» ብሎ አስተካከለ።

ይህ ሊሆን የቻለው መምህሩ፣ ተማሪውና ምእመኑ አንድ ከተማ ውስጥ ስለሆኑ ነው። አዲስ አበባ ልኬው ቢሆን ኖሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ማን ይሰማዋል? ባጃጁንስ ማን ይነዳል፣ ሚስቱና ሁለቱ ልጆቹስ ምን ይበላሉ? ጓቲማላ ውስጥ የፕሬስቢቴሪያኖቹ ሴሚናሪ ይህንኑ አይቷል። ከገጠር ወደ ከተማ መጥተው ከተማሩት ብዙዎቹ ወደ ገጠሩ አገልግሎት ሳይመለሱ ቀሩ። በ1963 መምህራኑ ነገሩን ገልብጠው ተማሪውን መጥራት ትተው ወደ ተማሪው መሄድ ጀመሩ፤ የርቀት ነገረ መለኮት ትምህርት የሚባለው ከዚያ ወጥቶ በብዙ አገር ተሰራጨ። እኔ ትልልቆቹን አልቃወምም። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገልጋዮችን ሲያፈራ የኖረውን የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪን የመሰሉ ተቋማት የእኛም ኩራት ናቸው፤ ከመምህሮቻችን ሁለቱ አዲስ አበባ የተማሩ ናቸው። አንዱ ሌላውን ይመግባል እንጂ አንዱ ስላለ ሌላው ይዘጋ አይባልም።

«በምሥራቁ ወንጌላውያን ጥቂት ናቸው» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ጥቂት ስለሆንን ነው የሚያስፈልገን። ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ይጋራል፣ ለቅሶ ይደራረሳል፣ ልጅ ይድራል። እዚህ ከተማ ላይ ማይክሮፎን የሚይዝ ሰው ጎረቤቱን ሳያቆስል እምነቱን መናገር ካላወቀ የሚጎዳው ራሱ ብቻ አይደለም። ይህን ደግሞ ከሩቅ የመጣ መምህር በመጽሐፍ ሊያስተምረው ይከብዳል፤ ጋሼ ግን ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር ዕድሜ ልክ ስለኖሩ ያውቁታል። ቁጥርን በተመለከተም ሐረር ሌላ ምስክር አላት። የካቶሊኩ ጳጳስ ሞንሰኞር አንድሬ ዣሮሶ፣ ሕዝቡ አባ እንድርያስ ይላቸው የነበሩት፣ ሐረር ላይ የነበራቸው መንጋ ትንሽ ነበር። ከእሳቸውና ከአባ ሳሙኤል እግር ሥር ከተማሩት ልጆች አንዱ ተፈሪ መኰንን ነበር፤ ኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የሆኑት።

ልማዱ «የእኛ አይደለም» መባሉ ግን በጣም አስገርሞኛል። ጎጆ ቀልሶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ ቅኔ ሲቆጥር ያደረው ቆሎ ተማሪ የማን ነው? ዋሸራ ለቅኔ፣ ጋይንት ቤተ ልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕት የተጠሩት በሕንጻቸው ነው? የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያስተምሩ ሰው የሚጠይቀው «ከማን ተማርክ?» ብሎ ነው፤ «ወንበሩ ስንት ነበር?» ያለ የለም። እኛ ወንጌላውያን ከዚህ ልማድ በብዙ ነገር ብንለይም ይህንን ከእናት አገራችን ወርሰናል፤ ልናፍርበት አይገባም።

አሁን ወዳቆየሁት ልምጣ። ጸሐፊው ሰርተፊኬት ይቸበቸባል፣ ሒሳብ አይመረመርም ይላል። ይህ እውነት ነው። እውነት አይደለም ብል እዋሻለሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ማሠልጠኛ ያዘጋጀው ምርቃት ላይ ተጋብዤ ሄጄ ነበር፤ በሦስት ሳምንት ትምህርት «ዲፕሎማ» የተቀበሉ ሰዎችን አየሁ። ከመካከላቸው አንዱ የሮሜን መልእክት ማን እንደጻፈው ሲጠየቅ አልመለሰም። እኔ ተቀምጬ አጨበጨብሁ። ዝም ማለቴ እስከዛሬ ይቆጨኛል፤ ወንድሜ ሲጽፍ እኔ ያልተናገርሁትን ነው የተናገረው።

በራሳችንም ላይ አለ። «ኮሌጅ» የሚለውን ስም የወሰድነው ቸኩለን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የምንሰጠው ትምህርት የአጭር ጊዜ ሥልጠና ስለነበር «ሥልጠና» ብንለው ይበቃ ነበር፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ደግሞ ገቢና ወጪያችን በጋሼ ደብተር ብቻ ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። ደብተሩ እስከ ሳንቲሙ የታመነ ነበር፤ ግን ሌላ ሰው አላየውም። እሳቸው ራሳቸው ናቸው «እኔ ብሞት ማን ያውቃል? ሰው ያስመርምረው» ያሉት። ከዚያ ወዲህ ከሌሎች አጥቢያዎች የተውጣጡ ሦስት ሰዎች በየዓመቱ ይመረምሩታል፤ ገቢና ወጪው በክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። የዲፕሎማችንን ሥርዓተ ትምህርትም ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች እየመዘነ ያለው አክቲያ ባወጣቸው መለኪያዎች እያየን ማስተካከል ጀምረናል። ገና አልጨረስንም፤ የጎደለን ብዙ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሙሉ ጊዜ መምህር።

ከእኛ ወገን ትችት ሲመጣ ሁልጊዜ የሚመዘዘው ዘካርያስ 4፥10 ነው፤ «የጥቂቱን ነገር ቀን የናቀ ማን ነው?» የሚለው። ብዙዎቻችን ጥቅሱን እዚያ ላይ እናቋርጠዋለን። ቀጥሎ ያለው ግን በዘሩባቤል እጅ ስላለው ቱንቢ ነው። ግንበኛ ቱንቢ የሚጥለው ግድግዳው ትንሽ ነውና ይለፍ ለማለት አይደለም፤ ትንሹም መጣመሙን ለማየት ነው። ጸሐፊው ቱንቢውን ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል። እሱ ግን ግድግዳው አጭር ነው ብሎ ዶማ ይዞ መጥቷል። ሰርተፊኬት የሚሸጠው ይዘጋ፤ እኔም አብሬ እፈርማለሁ። በቆርቆሮ ክፍል የሚያስተምረው ሁሉ ይዘጋ ሲል ግን ከሌባው ጋር አሸዋ ከመጽሐፍ እያራገፉ ያስተማሩትን ሽማግሌም አብሮ እየዘጋ ነው።

ይህን ምላሽ ከመላኬ በፊት በር ላይ የተለጠፈውን የዘንድሮውን ወረቀት ፎቶ አንሥቼ ለጸሐፊው ለብቻው ልኬለታለሁ። ዘንድሮ የመዘገብነው 27 ተማሪ ነው። ስድስቱ አቋርጠዋል። አራቱ ያቋረጡበትን እናውቃለን፤ ሁለቱ ለሥራ ወደ ጅቡቲ ሄደዋል፣ አንዷ ወልዳለች፣ አንዱ የትምህርቱ ደረጃ ዝቅ ያለ ሆኖ አገኘሁት ብሎ በግልጽ ነግሮን ወጥቷል። የቀሩትን ሁለቱን ቤታቸው ሄደን እየጠየቅን ነው።